አሜን ያልኩበት ዋጋ

ዓርብ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የመኪና መሸጫ ግቢ ውስጥ ቆሜ፣ ላልተስማማሁበት ዋጋ አሜን አልኩ። ሰዓቱን በትክክል የማውቀው፣ እናቴን ከፊዚዮቴራፒ የማወጣበት ጊዜ እስኪደርስ አርባ ደቂቃ እንደቀረኝ አስልቼ የእጅ ሰዓቴን ገና መመልከቴ ስለነበር ነው።

በውኃ ጥራት ላቦራቶሪ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። የሥራዬ ጠባይ አንዱን ናሙና ሁለት ጊዜ መለካት፣ ሁለቱ ውጤቶች ካልተስማሙ ደግሞ ሦስተኛ መለካት ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ልማድ ወደ ቤቴም ይዤው እንደምገባ እያነሱ ይቀልዱብኛል፤ ሐሰት አይደለም። ብዙ አልናገርም፤ የተናገርኩትን ግን አስቤበት ነው የምናገረው። በዚያ ቀን የሆነው ነገር እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ለዚህ ነው። ሳላስብ የተናገርኩት አንድ ቃል ነበር፤ ያም አንድ ቃል ሊያስከፍለኝ የተፈለገው ሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ ብር ነው።

መኪና ለመግዛት ያስገደደን የእናቴ ዳሌ ነው። ባለፈው ዓመት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃ ተሰበረችና በቀዶ ሕክምና ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ተተካላት። ሐኪሙ ከጉልበቷ ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ እንዳትቀመጥ፣ ከፍ ወዳለ ነገርም ተንጠላጥላ እንዳትወጣ አጥብቆ አዘዘ። ሚኒባስ መሳፈሯ በዚያው አበቃ። በስልክ የምንጠራቸው መኪኖች ደግሞ አብዛኞቹ መሬት የሚልሱ ናቸው፤ እናቴን ወደ ውስጥ ለማስገባትና ለማስወጣት እኔና ሾፌሩ በሳምንት ሁለት ቀን እንታገላለን። አንዱ ሾፌር ትዕግሥቱ አልቆ «እኚህን ሴትዮ አምቡላንስ ቢጠሩላቸው ይሻላል» ሲለኝ፣ እናቴ እየሰማች ነበር። መኪና እንድንገዛ የወሰንኩት ያን ዕለት ነው።

ገንዘቡ የእርሷ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ መርካቶ ጨርቅ የሸጠችበትን ሱቅ አስተላልፋ፣ ለወንድሞቼ ድርሻቸውን ሰጥታ፣ አራት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ብር ተረፋት። ከዚህ ሌላ የሚነካ ገንዘብ አልነበረንም። ለመኪና የማይወጣው ሁሉ ለሕክምናዋ የሚውል ነበር። ስለዚህ ከዋጋው ላይ የሚቀነሰው እያንዳንዱ መቶ ሺህ ብር ለእኔ የድርድር ድል አልነበረም፤ እናቴ በራሷ እግር ለመሄድ የምትለማመድባቸው ወራት ነበር።

መሥሪያ ቤታችን መጥረጊያ እንኳ ሲገዛ ከሦስት ሻጮች ፕሮፎርማ ይሰበስባል፤ ማኅተም ያለበት የዋጋ ማቅረቢያ። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ዝቅተኛዎቹ የቤት መኪኖች ለእናቴ ጉድጓድ ናቸው፤ ትልልቆቹ ደግሞ መሰላል ይፈልጋሉ። የሚሆናት በሁለቱ መካከል ያለችው፣ አነስተኛ ኤስ ዩ ቪ የሚሏት ነበረች። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ የምትገኘው በኤሌክትሪክ የምትሠራው ናት። የስፌት ሜትሬን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ከመሸጫ መሸጫ እየዞርኩ መቀመጫ ለካሁ፤ አንዷ ሞዴል ከመሬት እስከ መቀመጫዋ ስልሳ ሦስት ሳንቲ ሜትር ሆና ተገኘች። እናቴ ቆማ ወደ ኋላ ብትቀመጥባት፣ ሳትጎነበስም ሳትንጠላጠልም ትገባባታለች። ለዚያችው ሞዴል ሦስት ፕሮፎርማ አመጣሁ። ቀለበት መንገድ ዳር ያለው ሻጭ ሦስት ሚሊዮን ስምንት መቶ አርባ ሺህ ብር ጻፈልኝ፤ በእጁ ያለችው ግን ነጭ ብቻ ነበረች። ሁለተኛው ሃያ አምስት ሺህ ጨምሮ ከሦስት ወር በኋላ አስገባለሁ አለ። ሦስተኛው ሦስት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሺህ ጠየቀ።

ነጯን እናቴ አልወደደቻትም። «ነጭ መኪና የድርጅት ነው» አለች። «ሰው ሲያየኝ ለስብሰባ የምሄድ ይመስለዋል።»

አራተኛው ሻጭ የእኛው ሰፈር ሰው ነው፤ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናንም ነን። እሁድ እሁድ በር ላይ ቆሞ ሰው የሚያስተናግድ፣ ዕድሜው አርባ ገደማ የሆነ፣ ከረባት የማይለየው ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ያቺው ሞዴል በሰማያዊ ቀለም ቆማ አየኋት። መጀመሪያ ሲያነጋግረኝ «እርስዎ» እያለ ነበር። በዓርብ ማታው የቤት ለቤት ኅብረት ሳልናገር የምቀመጠው እኔ መሆኔን ሲያስታውስ ግን ፊቱ በራ፤ አነጋገሩም ወዲያው ተለወጠ።

«እህቴ! ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? እኔ እኮ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ነው ሳዋራሽ የነበረው!»

«እንደ ማንኛውም ደንበኛ ቢያዩኝ ደስ ይለኛል» አልኩት። ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ።

ሜትሬን አውጥቼ የኋላውንም መቀመጫ መለካት ስጀምር አጠገቤ መጥቶ አጎንብሶ ተመለከተኝ። «እህቴ፣ መጋረጃ ልትሰፊላት ነው እንዴ?»

ልኬቱን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ጨርሼ ዋጋዋን ጠየቅሁት።

«ለሌላ ሰው አራት ሚሊዮን ሦስት መቶ። ለአንቺ ግን በእህት ዋጋ፤ አራት ሚሊዮን አንድ መቶ ሃምሳ።»

ፕሮፎርማዎቹን ለማውጣት ቦርሳዬን ከፈትኩ። እጄ ገና ወረቀቶቹን ሳይነካ እርሱ ቀኝ እጁን የመኪናዋ ኮፈን ላይ ጭኖ፣ ዓይኖቹን ጨፍኖ «እንጸልይ» አለ። እኛ ዘንድ አንድ ሰው «እንጸልይ» ሲል «ትንሽ ቆይ» የሚል የለም። ቦርሳዬን እንደተከፈተ ትከሻዬ ላይ ትቼ አንገቴን ደፋሁ።

ጸሎቱ ረጅም አልነበረም። ለእናቴ ጤና ጸለየ፤ ስለ መንገድ ጥበቃ ጸለየ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አባት ሆይ፣ ይህችን መኪና በአራት ሚሊዮን አንድ መቶ ሃምሳ ሺህ ብር፣ በእህት ዋጋ፣ ለልጅህ አዘጋጅተህ ስለሰጠሃት ስምህ ይባረክ» አለ። አሜን አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በጸሎት ማብቂያ ላይ አሜን ያለ አንደበት ቁጥር እስኪያጣራ አይጠብቅም።

ዓይኑን ገልጦ እጁን ዘረጋልኝ። «እንኳን ደስ አለሽ!»

«ስለ ዋጋው ገና አልተነጋገርንም» አልኩት።

«እህቴ፣ አሁን አሜን አልሽ እኮ።»

«አሜን ያልኩት ለጸሎቱ ነው።»

«ጸሎቱ ውስጥ ዋጋው ነበረ» አለ፤ ፈገግታው አልጠፋም።

እውነቱን ነው፤ ነበረ። እኔም ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ብዬ ማምለጥ እችል ነበር፤ ግን ሰምቻለሁ። ዕድሜ ልኬን በአንደበቴ ላይ ጠባቂ ሆኜ ኖሬ፣ እጅግ በሚያስፈልገኝ ሰዓት ያ አንደበት ከእኔ ቀድሞ መሄዱ አሳፈረኝ። ያሳፈረኝ ነገር ግን እንዲያስከፍለኝ አልፈቀድኩለትም። ሦስቱን ፕሮፎርማዎች አውጥቼ፣ የእጁ አሻራ ገና በነበረበት ኮፈን ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው።

ዝቅ ብሎ እንኳ አላያቸውም። «እህቴ፣ በእኔና በአንቺ መካከል የዓለማውያንን ወረቀት ታመጪብኛለሽ?»

«መኪናዋ ያው ናት፤ ዓመተ ምርቷም ያው ነው። ዛሬውኑ ሦስት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ እከፍላለሁ።»

«ይሄማ ስድብ ነው!»

«ስድብ ከሆነ እነዚህ ሦስቱም ሰዎች በማኅተም ተሳድበዋል ማለት ነው።»

ፈገግታው ያን ጊዜ ጠፋ። ከረባቱን አስተካከለና «ለማንኛውም ማታ ኅብረት ላይ እንገናኛለን» አለኝ። ወረቀቶቼን በቅደም ተከተላቸው ሰብስቤ ወጣሁ።

እናቴን ይዤ ስመለስ የሆነውን ሁሉ ታክሲው ውስጥ ነገርኳት። ነፋሱ ከቆሼ፣ ከቆሻሻ መጣያው በኩል ስለነበር ሾፌሩ መስኮቶቹን ዘግቶ፣ ሬዲዮኑንም ቀንሶ፣ ጆሮውን ለእኛ ሰጥቷል።

«ታዲያ አሜን አልሽ?» አለች።

«አልኩ።»

«ቁጥሩን እየሰማሽ?»

«እየሰማሁ።»

ዳሌዋን እስኪያማት ሳቀች። እናቴ የቀራንዮ መድኃኔዓለም ምእመን ናት፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከቤታችን ሃይማኖት የወጣሁበትን ቀን እስከ ዛሬ በቀልድ ታነሣብኛለች። «እናንተ ሰዎች ደግሞ ጉድ ናችሁ! የእኛ ቄስ እንኳ ጠበል የሚረጩት መኪናው ከተገዛ በኋላ ነው።» ሾፌሩም አብሯት ሳቀ።

«እማዬ፣ ገንዘቡ ያንቺ ነው። ቃልሽን ጠብቂ፣ ክፈይ ካልሽኝ እከፍላለሁ።»

ሳቋን አቆመች። «እኔ ስንቱን ሰው በማርያም እየማልኩ ነው የሸጥኩለት! ‹በማርያም፣ በዚህ ዋጋ አያዋጣኝም› ስል፣ ገና ሃያ ብር የምቀንስበት ቦታ ነበረኝ። ይቅር ትበለኝ። አንቺ ልጅ፣ ዋጋው የሚያዋጣው ነጋዴ እግዜርን ምስክር አይጠራም፤ ዝም ብሎ ዕቃውን ያሳያል።»

«እንግዲያው አልክፈል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ የተማርሽው አንቺ!»

ኅብረታችን የሚሰበሰበው ቀራንዮ፣ በመሪያችን ቤት ነው። መሪያችን ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ሻጩ ቀድሞኝ ገብቶ፣ ከጋሼ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ዝማሬው አለቀ፤ ቃሉ ተነበበ። ጋሼ የጸሎት ርዕስ ያለው ካለ ብለው ሲጠይቁ እርሱ እጁን አወጣ።

«ስለ ቃል መጠበቅ እንድንጸልይ ነው» አለ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ቅዱሳን በጌታ ፊት አሜን ያልነውን ነገር፣ ከደጅ እንደወጣን እንዳንክድ።»

ከአሥራ ሁለቱ ሰዎች ገሚሱ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ከእኔ በፊት ወሬው ገብቷል ማለት ነው። በስብሰባ ላይ ሳልጠየቅ የተናገርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ በዚያ ምሽት ግን ተነሣሁ።

«ርዕሱ እኔ ነኝ» አልኩ። «ስለዚህ በስሜ ጸልዩልኝ፤ በአሽሙር አይሁን።»

ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ሳቋን በሻርፕዋ አፈነች። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «በይ ተቀመጪ ልጄ፤ ነገሩን ሁለታችሁም ንገሩን» አሉ።

ነገርናቸው። እርሱ ስለ አሜን ተናገረ፤ እኔ ስለ ፕሮፎርማዎቹ። ጋሼ ወረቀቶቹን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ እንደ ልማዳችን ማስታረቅ ጀመሩ። «እንግዲህ ወንድማማችና እህትማማች ናችሁ። እርሱ ትንሽ ይውረድ፣ አንቺም ትንሽ ውጪ። መሃል ላይ ተገናኙ። ሦስት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት።»

በክፍሉ ውስጥ እፎይታ ሲወርድ ታወቀኝ። ሁሉም ሰው መሃልን ይወዳል። አንዱ «ጌታ ይባርክዎት ጋሼ» አለ፤ ሌላው ነገሩ እንዳለቀ ቆጥሮ መጽሐፍ ቅዱሱን ከደነ። ሻጩ ራሱን በትሕትና ዝቅ አደረገ። ዋጋው ሲቆረጥ ደስ ያለው እርሱ መሆኑን ሳይ፣ ውስጤ የነበረው እፍረት ሁሉ ወደ ቁጣ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ አልቀበልም» አልኩ።

«መሃሉን?»

«መሃሉን። እርስዎ የሒሳብ መምህር ነዎት። ወንድሜ አምስት ሚሊዮን ብሎ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ፣ መሃሉ አራት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ይሆን ነበር። እናንተም አሁን እንዳላችሁት ጌታ ይባርክዎት ትሉ ነበር። እኔ የገበያውን ዋጋ ጠይቄ፣ ሊከፈል የሚገባውን ተናገርኩ፤ እርሱ የፈለገውን ተናገረ። ሁለታችን እኩል የራቅን ይመስል መሃል ላይ የምንገናኘው ለምንድን ነው? እንዲህ ከሆነማ እኔም ሁለት ሚሊዮን ብዬ መጀመር ነበረብኝ።»

ያቺ ጥግ ያለችው ሴት በዚህ ጊዜ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። መጽሐፍ ቅዱሱን የከደነው ሰው ግን ተቆጣ። «እህቴ፣ ይህ ሁሉ ስለ ገንዘብ ነው?»

«አዎ፣ ስለ ገንዘብ ነው» አልኩት። «የእናቴ ገንዘብ ነው። አርባ ዓመት ተቀምጣበታለች።»

ጋሼ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ከሁሉ የፈራሁትን ጠየቁኝ። ድምፃቸው ግን የክስ አልነበረም። «አሜንሽስ፣ ልጄ?»

እንደመጣልኝ ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ጸሎቱን አቋርጬ ‹ቆይ› ማለት ነበረብኝ። ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ፤ እርሱም ዝም እንደምል ያውቅ ነበር። ጥፋቴ ይህ ነው፤ በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለዚህ ጥፋት ግን ሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ ብር አልከፍልም። ግማሹንም አልከፍልም። የምፈራው እግዚአብሔርን ነው፤ እርሱ ደግሞ ከዚህ ሰው ሌላም መኪና የሚሸጥ እንዳለ የሚያውቅ ይመስለኛል።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ባልናገረው ይሻል ነበር ያሉኝ አሉ። እኔ አልጸጸትበትም።

ጋሼ ስብሰባውን በጸሎት ዘጉ፤ ቁጥር የሚባል ነገር እንዳይጠሩ ሲጠነቀቁ ያስታውቃል። እኔም ቃላቸውን አንድ በአንድ ተከትዬ፣ ምንም የተደበቀ ነገር እንደሌለበት ካረጋገጥኩ በኋላ፣ ከሁሉም ዘግይቼ አሜን አልኩ።

በር ላይ ጫማዬን ሳስር ያቺ ስትስቅ የነበረችው ሴት ጠበቀችኝ። ነርስ ናት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ቤታችን ድረስ እየመጣች የእናቴን ቁስል በነፃ ያጠበችልን እርሷ ናት። አሁን አትስቅም ነበር።

«ወረቀቱን ልየው» አለችኝ።

ዝቅተኛውን ፕሮፎርማ ሰጠኋት። በር መብራቱ ሥር ወስዳ አነበበችው፤ ጀርባውንም ገልብጣ አየችው።

«እኔ ይህችኑ መኪና ከእርሱ በአራት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ነው የወሰድኳት» አለች። «መስከረም ላይ። የእህት ዋጋ ብሎኝ።»

«ጸለየልሽ?»

«ጸለየልኝ እንጂ። በደስታ አለቀስኩ እኮ!» ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ መለሰችልኝ። «መስከረም ላይ ዋጋው ስንት እንደነበረ እስኪ ጠይቂልኝ። ዝም ብዬ እንዳልጠረጥረው።»

እጠይቅልሻለሁ አልኳት።

ቅዳሜ ጥር 17 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ስልኬ ጠራ፤ ሻጩ ነበር። እናቴ ቁርስ ላይ ሆና እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እህቴ፣ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም» አለ። «ለጋሼ ስል ሦስት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሃምሳ።»

«አይሆንም።»

«ዘጠኝ መቶ።»

«ነጯ በሦስት ሚሊዮን ስምንት መቶ አርባ ሺህ ቆማልኛለች።»

ከጀርባው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። «እሺ ስሚኝ። አንቺ ካልሽው አሥር ሺህ ብቻ ከፍ አድርጌ፤ ሦስት ሚሊዮን ስምንት መቶ አሥር። ሰማያዊዋን ዛሬ ይዘሻት ግቢ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ዋጋው በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር።»

«ለምን?»

«ሰው ይቀየማላ! እዚያው ኅብረቱ ውስጥ ከእኔ የገዙ አሉ።»

ቆይቼ እንደምደውልለት ነግሬ ዘጋሁት። እናቴ ዳቦዋን በሻይ እያራሰች ታየኛለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሰማያዊዋን በሠላሳ ሺህ ረክሳ አገኘሻት፤ ተቀበይው እንጂ!»

«ዋጋውን ደብቂ እኮ ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ደብቂዋ! ምን ይከብዳል? እኔ ለስንቱ ደንበኛ ‹ለሰው እንዳትነግሪብኝ፣ ላንቺ ብቻ ነው› ብዬ ሸጫለሁ መሰለሽ። ለሁሉም ነበር የምለው!»

ሳልቸኩል ስለ ነርሷ ነገርኳት። ስንት እንደከፈለች፣ በር ላይ ምን እንዳለችኝ፣ ምን ብዬ ቃል እንደገባሁላት። እናቴ የራሰውን ዳቦ ሳትጎርሰው ሰሃኑ ላይ መለሰችው።

«ያቺ ቁስሌን ያጠበችው?»

«እርሷ።»

«አራት ሚሊዮን ሁለት መቶ?»

«አዎ።»

ለአፍታ የመስኮቱን መጋረጃ ተመለከተች። ነጋዴ ናት፤ የምታሰላ መሰለኝ። «እሷ ነገ መጥታ በስንት ገዛችሁ ብትለኝ ምን እላታለሁ?» አለች በመጨረሻ። «እሷን ዓይኗን እያየሁ አልዋሽም። ሌላ ሰው ቢሆን እዋሻለሁ፤ እሷን አልዋሽም።»

ደወልኩለት። «መኪናዋን በነገሩኝ ዋጋ እወስዳታለሁ» አልኩት። «ዋጋውን ግን ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ እናገራለሁ። ሳይጠይቀኝም የምነግረው ሰው አለ። ደግሞ መስከረም ላይ ዋጋዋ ስንት እንደነበረ እንዲነግሩኝ እፈልጋለሁ።»

«እህቴ፣ እንዲህማ ከሆነ አልሸጥልሽም።»

«መልካም ቀን ይሁንልዎ» ብዬ ዘጋሁት።

ሰማያዊዋን ወድጃት ነበር፤ ይህን አልክድም። ከቤታችን አሥር ደቂቃ የማትርቅ፣ ያን ዕለት የምትገባ፣ በሠላሳ ሺህ ብር የረከሰች መኪና ነበረች። ሠላሳ ሺህ ብር ደግሞ ለእናቴ ብዙ የሕክምና ቀን ነው። ይህንኑ ነገርኳት። እርሷ ግን ተነሥታ ምርኩዟን እየፈለገች ነበር። «እኔ ነኝ ባለ ገንዘቧ፤ ስለ እሱ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» አለችኝ።

በሦስት ሰዓት ቀለበት መንገድ ዳር ላለው ሻጭ ደወልኩ። ነጯ አልተሸጠችም፤ የጻፈልኝ ዋጋም አልተለወጠም። መስከረም ላይ ያችን ሞዴል ስንት ይሸጥ እንደነበር ጠየቅሁት፤ መዝገቡን አይቶ ሦስት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ብሎ ነገረኝ። ጻፍኩት።

በዚያ ጠዋት የተወሰነው እንዲህ ነው። ባንኩ ሳይዘጋ የሦስት ሚሊዮን ስምንት መቶ አርባ ሺህ ብር ሲፒኦ እንዲሠራና ነጯን እንድንገዛ፤ የተረፈው ሦስት መቶ ስድሳ ሺህ ብር በእናቴ ስም ለሕክምናዋ እንዲቀመጥ፤ እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደ ወትሮዬ እንድሄድና እርሱ በቆመበት በር እንድገባ፤ ለነርሷም ሁለቱን ዋጋዎች፣ የመስከረሙንና የጥሩን፣ እኔ ራሴ እንድነግራት። ለነርሷ መንገሩን እናቴ ለነገ እንኳ እንዳሳድር አልፈቀደችም። ስልኩን አንሥታ አቀበለችኝ።